ሥራ ፈቱ አዳኝ

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የሆነው እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለታሪኩ ወዳጄ የታክሲ ሰው ነው፤ ደለስ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ አብረን ሻይ የምንጠጣ። ስሙን አልጠራውም። ቢሰማ "ጓዳዬን ለአገር ዘራኸው" ብሎ ይቀየመኛል። የውሻውን ስም ግን እጠራለሁ፤ እሱ ቢቀየምም በአንዲት ቁራጭ ሥጋ እንታረቃለን። ዳማ ይባላል።

ወዳጄ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው ውሻ ቀን ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ተፈቶ ጅብ የሚያባርር፣ ትርፍራፊ ሲገኝ የሚበላ፣ ሲታጣም ጦሙን የሚያድር ነው። ሳሎን የሚቀመጥ ውሻ ቢባል በወሬ የሚያውቀው የጃንሆይን ሉሉን ብቻ ነበር፤ ያንን እፍኝ የማይሞላ ቺዋዋ። "እሱም ቤተ መንግሥት ስለሆነ ነው፤ እኔ የቤት ዕዳ ያለብኝ ሰው ነኝ" ይል ነበር።

እንግዲህ በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና መጣ። አውሮፕላን ቆመ፣ ኤርፖርት ጭር አለ፣ እኛም ቁልፋችንን ሚስማር ላይ ሰቀልን። ሚስቱ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናትና እሷ ሥራ ትወጣለች፤ እሱ ቤት ይውላል። ሁለቱ ልጆች ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ይማራሉ። ሠርቶ የለመደ ሰው ቤት ሲውል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፍሪጅ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይከፍታል። መስኮት ላይ ቆሞ የጎረቤት መኪና ይቆጥራል። የሌለ ጠብ ይፈልጋል። ልጅቷ ያኔ 11 ዓመቷ ነው፤ "አባዬ፣ ውሻ እናምጣ" አለች። እምቢ አለ። በማግስቱም አለች። በዚያ ሰሞን አገር ምድሩ ቤት ተዘግቶበት ውሻ ፍለጋ የእንስሳት መጠለያ፣ ሼልተር፣ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ነው። በመጨረሻ "እሺ፣ ሄደን አይተን እንመለሳለን" አለ። ሼልተር ገብቶ አይቶ ብቻ የተመለሰ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

የተሰጣቸው ወረቀት "ላብራዶር ቅልቅል፣ ወንድ፣ ስድስት ወር" ይላል። ቀለሙ ዳማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ እግሩ ገላውን ቀድሞ ያደገ። ሌሎቹ ሁሉ እየጮኹ አጥሩን ሲቧጥጡ እሱ ዝም ብሎ መጣና አገጩን ወዳጄ ጫማ ላይ አሳረፈ። "ይሄ ጨዋ ውሻ ነው" አለ ወዳጄ። ሚስቱ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ እያነሳች ትስቅበታለች።

ከሼልተር የወጣ ውሻ መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ቤቱ መሆኑን እስኪያምን አድፍጦ ይሰነብታል። ዳማ አደፈጠ፤ ከዚያ አመነ። ካመነ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከሶፋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ተመልሶ ወደ ሶፋ። የጭራው ቁመት የረከቦቱ ቁመት ሆነና አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጡ ስኒዎች በአንድ ውዝወዛ ምንጣፍ ላይ ተዘረገፉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫማ ያነሳል። ማኘክ ቢሆን ደግ ነበር፤ አያኝክም። አፉ ውስጥ አለስልሶ ይይዝና ወስዶ ለሌላ ሰው ያስረክባል። የአንዱን እንግዳ ጫማ ሌላው እግር ሥር፣ የሌላውን ሚስትየዋ አልጋ ላይ። ሰዎቹ ሲሸኙ አንድ ሰዓት ጫማ ፍለጋ ነው።

የወዳጄ አክስት አሉ፤ እቴቴ እንላቸዋለን። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሊጠጡ ገቡ። ዳማ ሰላምታ አሰጣጡ ሁለት እግሩን ትከሻ ላይ አድርጎ ነውና ነጠላው ጭቃም ለሀጭም ሆነ። "ልጄ፣ ውሻ ደጅ እንጂ ከሰው ጋር ጣሪያ ሥር አያድርም፤ አያቶችህ ይህን ቢያዩ ምን ይሉሃል?" አሉና ቡናውን በረንዳ ላይ ቆመው ጠጡ። በክረምት! እዚህ ላይ "እውነታቸውን ነው" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ወዳጄም በልቡ እንደዚያው ይል ነበር።

ኋላ ልጆቹ ገንዘብ አጠራቅመው የዘር ምርመራ አስደረጉ። የጉንጩን ውስጥ በጥጥ ጠርገው በፖስታ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ግማሹ ላብራዶር፣ ከቀረው አብዛኛው የጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር፣ የተረፈው ከዚህም ከዚያም ነበር። ወዳጄ ወረቀቱን አይቶ "እና ምን ይጠቅመኛል?" አለ። ጠቅሞታል፤ ግን ቆይቶ ነው። እስቲ ስለ ሁለቱ ወገኖች ትንሽ ላውራችሁ።

ላብራዶር በስሙ ላብራዶር ይባል እንጂ ዘሩ የሚመዘዘው ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ ከነበሩ የዓሣ አጥማጅ ውሾች ነው። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ገብቶ የመረብ ገመድ የሚጎትት፣ ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣ የሚይዝ ውሻ ነበር፤ በጣቶቹ መሐል ለዋና የተዘረጋ ቆዳ እስከ ዛሬ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ መኳንንት በመርከብ አስመጥተው ለወፍ አደን አራቡት። ሥራው ጌታው ተኩሶ የጣለውን ወፍ ከጭቃም ከውሃም ፈልጎ፣ ላባው ሳይነጭ፣ ሥጋው ሳይበሳ ማምጣት ነው። በ1903 የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ፣ በ1917 ደግሞ የአሜሪካው መዝገብ ተቀበሉት። ከ1991 እስከ 2021 አሜሪካ ውስጥ በምዝገባ ብዛት የቀደመው አልነበረም፤ በ2022 ነው ፍሬንች ቡልዶግ ከዙፋኑ ያወረደው። ፖይንተሩ ደግሞ ጀርመኖች ቀኑን ሙሉ ዱር ለዱር ሲሮጥ እንዲውል ያወጡት አዳኝ ነው። ሣር ውስጥ የተደበቀች ወፍ ሲሸተው አይጮኽም፣ አይዘልም። ባለበት ድርቅ ይላል፤ አንድ እግሩን ያነሳል፤ አፍንጫውን ወደ ወፏ ያቀናል፤ አዳኙ እስኪደርስ እንደዚያው ይጠብቃል።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቆዳ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ፤ አንዱ ፈልጎ የሚያሳይ፣ አንዱ አንስቶ የሚያመጣ። ሁለቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ምንጣፍ ላይ ተኝተው እንዲውሉ ተቀጥረዋል። ያ የጫማ ነገር ብልግና ሳይሆን ሙያ ኖሯል።

ወዳጄ መጀመሪያ የያዘው ዘዴ ማድከም ነበር። "ይሩጥ፣ ይድከም፣ ይተኛ" አለና ብስክሌት ገዛ። ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን የወንዝ ዳር መንገድ ይዘው ጠዋት ማታ ይሮጣሉ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ወዳጄ ከሳ፤ ውሻው ጡንቻ አወጣ። በመጀመሪያው ወር የሚያደክመው ሩጫ በሁለተኛው ማሟሟቂያ ሆነ። ጉልበት ሲገነባለት ከርሞ ለካ ሯጭ እያሠለጠነ ነው። አንዳንዴ ደግሞ በመሐል መንገድ ድርቅ ይልበታል። እግሩን አንስቶ፣ ቁጥቋጦ ላይ አፍጥጦ። ወዳጄ ከብስክሌቱ ሊወድቅ ለጥቂት! ቁጥቋጦው ውስጥ ያለችው ድንቢጥ ናት።

ከሁሉ የከበደው ግን ፌስታሉ ነው። ውሻህ መንገድ ላይ ከተጸዳዳ ማንሳት ግዴታህ ነው። "የጎጃም ሰው፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ የውሻ ኩስ በፌስታል ቋጥሬ ስሄድ ያገሬ ሰው መኪና አቁሞ 'ጤና ይስጥልኝ' ይለኛል" እያለ ይማረር ነበር። ያ ሰላም ያለው ሰው እኔ ነበርኩ።

በ2021 መገባደጃ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ። አውሮፕላን ተነሳ፤ ወዳጄ የሌሊት ሥራውን ያዘ፤ ቀን ይተኛል። ብስክሌቱ ጋራዥ ገባ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱ ሰው ሞልቶት ያደገው ዳማ በአንድ ጊዜ ብቻውን ቀረ። የበሩን ጉበን ፈለፈለው። ጎረቤት "ውሻችሁ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል" አለ። ሚስትየዋ "ወይ እሱ ወይ እኔ" ወደ ማለት ደረሰች።

አሁን ወደ ፋሲካው ልውሰዳችሁ፤ የ2022ቱ፣ በእኛ 2014። ቤቱ 55 ቀን ሁዳዴን ጾሟል። ሚስትየዋ ቅዳሜውን ሙሉ ምድጃ ላይ ናት። አምስት ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት ከትፋ፣ አቁላልታ፣ በርበሬውን አብስላ፣ ቅቤውን ጥላ፣ 12ቱን ብልት አጥባ አጥባ ጨምራ፣ 12 እንቁላል ቀቅላ ከተተች። ድስቱን ምድጃው ላይ እንዳለ ከድና፣ ነጭ በነጭ ለብሰው በምሽቱ 2 ሰዓት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ዳማ በዚያ ቀን ከቤት አልወጣም፤ ማን ጊዜ አለው? ቅዳሴው አልቆ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለው ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ተመለሱ።

በሩ ሲከፈት የመጣው ሽታ የወጥ ነው፤ ያለ ቦታው፣ ከሳሎን። ድስቱ ወለሉ ላይ ተገልብጧል። ቁሌቱ ተልሶ ወለሉ ያበራል። ከእንቁላሉ አንድም የለም። ዳማ አፍንጫው ድረስ በበርበሬ ቀልቶ ጭራውን እየወዘወዘ ተቀበላቸው። ከሁሉ ቀድሞ ፈስኳል።

ሚስትየዋ አልጮኸችም። ጎንበስ አለችና መቁጠር ጀመረች። የሐበሻ ሴት ድስቷ ውስጥ ያለውን ብልት በስም ታውቃለች። ሁለቱ ቅልጥም ምንጣፍ ላይ፣ አንገቱ ደረጃው ሥር፣ ክንፎቹ ውሻው አልጋ ውስጥ ተገኙ። ፈረሰኛውን ልጁ ነው ያገኘው። የት? አባቱ ዘወትር የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ጥርስ ሳያርፍበት፣ ተልሶ ብቻ። ይህን ስሰማ እኔም "ተው እንጂ!" ብያለሁ፤ ፎቶውን አሳየኝ። ለባለቤቱ አድርሶለታል! የጠፉት ሁለቱ መላላጫ ብቻ ናቸው።

ወዳጄ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ልጅቷ ስልኳን ይዛ "አባዬ፣ ሽንኩርት መርዝ ነው!" አለች። እውነቷን ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ከክብደቱ ግማሽ ፐርሰንት ያህል በአንድ ጊዜ ከበላ ያሰጋል። ዳማ 27 ኪሎ ነው፤ ለእሱ 135 ግራም ገደማ ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዶሮ የገባበት ሽንኩርት ነው። ክፋቱ ምልክቱ በዚያው ሌሊት አይታይም። ቀናት ቆይቶ ነው ውሻው የሚዝለው፣ ድዱ የሚነጣው፣ ሽንቱ የሚጠቁረው። (ዘቢብና ቸኮሌትም እንደዚሁ ለውሻ አይሆኑም፤ ቤታችሁ ውሻ ካለ ልብ በሉ።)

ስለዚህ ትንሣኤን በእንስሳት ድንገተኛ ክፍል ዋሉት፤ ወይም አደሩት። አራት ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ፣ መሐላቸው በርበሬ የተቀባ ውሻ። ሐኪሟ ምን ምን እንደበላ ጠየቀች። ሚስትየዋ የወጡን አሠራር ከሽንኩርቱ እስከ ቅመሙ ነገረቻት፤ ሐኪሟ ጻፈች። ስንት አጥንት እንደጎደለ ጠየቀች፤ እሱንም በስምና በቁጥር ነገረቻት። ኤክስሬይ ተነሳ፤ የሚያሰጋ አጥንት አልታየም። የሚያስመልስ መርፌ ተሰጠው። ስለመለሰው አላወራም፤ ቡና እየጠጣችሁ ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ "ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?" አለች።

"ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል" አለች ሚስትየዋ።

ሐኪሟ የጠየቀችው ስለ ውሻው ነበር። ወዳጄ እዚያ ወንበር ላይ ሁሉም ሲስቅ እሱ ዝም አለ። ኋላ ሲነግረኝ "መልስ አጣሁ። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ምንም። እኔ በኮሮና ጊዜ ፍሪጅ ስከፍት ስዘጋ ነው የመጣብኝ። ያኔ ሩጥ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር? ሥራዬን ነበር የፈለግሁት" አለኝ።

ሂሳቡን አልናገርም። አገር ቤት ያሉት እናቱ ቢሰሙ ሦስት በሬ ነው ብለው ያለቅሳሉ።

ዳማ ተረፈ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን ታያለች፤ ሮዝ ነው ወይስ ነጭ? በጣቷ ትጫነዋለች፤ ደሙ ሲመለስ ትስቃለች። ደሙ ሁለት ጊዜ ተመረመረ፤ ደህና ነው ተባለ። ሆዳምነቱን በሚመለከት ደግሞ ልጅቷ ራሷ አንብባ ነገረችን። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳወጡት ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ የረሃብ ስሜትን የሚቆጣጠር ዘረመሉ ጉድለት አለበት፤ እንዲህ ያለው ውሻ የምግብ ነገር ሁሌም ያጓጓዋል። ዳማ ይኑርበት አይኑርበት አልተመረመረም። እኔ ግን ምርመራ አያስፈልገኝም።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት ውሻውን ቀጠረው። የምግብ ሳህኑ ተነሳ። ሚስትየዋ ለሥራ ከመውጣቷ በፊት ቁርሱን በተላኩ ዕቃዎች ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ፎጣ ጠቅልላ፣ ከደረጃው ሥር ትደብቃለች። "ፈልግ!" ትለዋለች፤ በአማርኛ። ውሻ አፍንጫው ውስጥ እስከ 300 ሚሊዮን የሽታ መቀበያ አለው ይባላል፤ የእኛ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው። ሲፈልግ ብታዩት ሌላ እንስሳ ነው። መሮጡ ይቀርና ወገቡን ዝቅ አድርጎ፣ ሹፍ ሹፍ እያለ፣ አየሩን እየቆረጠ ይሄዳል። አፍንጫው ከዓይኑ ይቀድማል። ካርቶኑን አልፎ ሄዶ በድንገት ይዞራል፤ ቀኝ እግሩ ብድግ ይላል። ሩብ ሰዓት እንደዚህ ከሠራ የብስክሌቱ አንድ ሰዓት ያላደከመውን ያህል ደክሞት ይተኛል። ልጁ ጓንት ጓሮ ውስጥ ይቀብራል፤ ውሻው አውጥቶ ሳያበላሽ እጁ ላይ ያኖርለታል። ከትምህርት ቤት መልስ ያ የእሱ ፈረቃ ነው።

ወዳጄ የንጋቱን ፈረቃ ያዘ። ሌሊት ሠርቶ በ11 ሰዓት ሲገባ ሳይተኛ ገመዱን ያነሳል። ረጅም ገመድ ነው፤ ያለ ገመድ መልቀቅ በካውንቲው ያስቀጣል። ስላይጎ ክሪክ በዚያ ሰዓት አጋዘን ይወርድበታል፣ ዝይው ሣሩን ይሞላል። አይሮጡም፤ ዳማ እንደፈለገ እያሸተተ ይመራል፤ ወዳጄ ይከተላል። ዝይ ሲያይ ድርቅ ይላል። ወዳጄም አብሮት ይቆማል። "ጎበዝ፣ አይቻለሁ" ይለዋል። ይህን ሲባል ነው ከቆመበት የሚነቃነቀው። ቤት ሲገቡ ጆሮውንና የጣቶቹን መሐል ለመዥገር ይፈትሹታል፤ በዚህ አካባቢ መዥገር የላይም በሽታ ያመጣል። ወንዝ ከገባ ጆሮውን ያደርቁለታል፤ የተንጠለጠለ ጆሮ ውሃ ይዞ ያመረቅዛል።

ጠባዩ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። እንግዳ ሲመጣ አሁንም ጫማ ያነሳል። እቴቴም እስከ ዛሬ አልተረቱም፤ ሲመጡ ዳማ ምድር ቤት ይገባል፣ ነጠላቸውም ነጭ እንደሆነ ይመለሳሉ። "ደህና ነው ያ ሰውዬ?" ብለው ግን ይጠይቃሉ።

በ2023 ፋሲካ ዝግጅቱ ተለወጠ። ዶሮው ሲበለት ሚስትየዋ አንድ ብልት ለይታ፣ ሽንኩርትም ጨውም ሳይነካው ቀቀለችና ፍሪጅ አስቀመጠች። ድስቱ ፎቅ ላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ገብቶ በቁልፍ ተዘጋበት። ዳማ ከምሽቱ በፊት ወንዝ ወረደ፣ ጓንቱን አወጣ፣ ካርቶኑን ፈተሸ፤ ሲተኛ ጥለውት ሄዱ።

ሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ጉበኑ ደህና ነው። ውሻው ግን አልጋው ላይ የለም። "ዳማ!" አሉ። ዝም። ወዳጄ ነጠላውን እንዳጣፋ ደረጃውን ወጣ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። መታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ቆሟል። ቀኝ እግሩ ብድግ፣ ጭራው ቀጥ፣ አፍንጫው በሩ ሥር ባለው ክፍተት ላይ የተተከለ። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ጆሮው ብቻ ወደ እነሱ ዞረ።

"ጎበዝ፣ አይቻለሁ" አለው ወዳጄ።

"ያልጠፋ ነገር አገኘላችሁ!" አለች ሚስቱ። ወረደችና ከፍሪጅ ለብቻው የተቀቀለውን አወጣች፤ አጥንቱን አንድ ባንድ ለቅማ በጁ መዳፍ ላይ ለልጁ ሰጠችው፣ እንዲያበላው።

"እማዬ፣ ይሄ የማን ብልት ነው?"

"የአባትህ።"